ብቻ መሆንን ልለማመድ ኢስታንቡል ሄጄ

ሰው ውጭ አገር ለሥራ ይሄዳል፣ ለሕክምና ይሄዳል፣ ለዑምራ ይሄዳል፣ ሸቀጥ ሊያመጣ ይሄዳል። እኔ ኢስታንቡል የሄድኩት ብቻዬን መሆን እችል እንደሆነ ልሞክር ነው። ሾላ ገበያ አጠገቤ እንደኔው ቅመም የሚሸጡት ሴቶች ይህን ሲሰሙ «ፋጤ፣ በርበሬው አናትሽ ላይ ወጣ እንዴ?» አሉኝ። አልፈረድኩባቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን፣ ሁላችንም ኡሚ የምንላት፣ ወደ አኼራ ከሄደች ወዲህ የካ ያለው ቤት ውስጥ የቀረሁት እኔ ነኝ። አንዴ አግብቼ ፈትቻለሁ፣ ልጅ የለኝም፣ ዕድሜዬም ከእንግዲህ የሚደበቅ አይደለም። ቤቱ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ዳገቱ እንግዳ የሚያስመርር። ታላቅ ወንድሜ ኑሩ ለቅሶው ገና እንደተነሣ «ቤቱ ይከራይ፤ አንቺ እኛ ጋ ጀሞ ትገቢያለሽ» ብሎ ወሰነ። እሱ ከሚስቱ ከዘይነብና ከልጆቹ ጋር ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። ለእኔ የታሰበልኝ ከሴት ልጆቹ ክፍል ተደራራቢ አልጋ፣ የታችኛው ነው።

«እኔ እዚሁ እኖራለሁ» አልኩት።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«አንቺ? ሽንት ቤት እንኳ ሰው አስከትለሽ የምትሄጂው? አንድ ሳምንት ብቻሽን መሆን ከቻልሽ ቤቱን ውሰጂው፤ ኪራይ የሚል ቃል ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም!»

ወላሂ ብሎ ማለ። እኔም ቃሉን ያዝኩበት። ግን የካ ውስጥ ብቻ መሆን የሚባል ነገር የለም። ጠዋት በሩን ትንሽ ካዘገየሁ ጎረቤቴ እትዬ አበበች በአጥሩ በላይ «አመመሽ እንዴ?» ይላሉ። አላመመኝም ካልኩ «ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?» ይከተላል። ከሰዓት ልጆቻቸው ይመጣሉ፣ ማታ ሌላው ጎረቤት ይመጣል። ብቻዬን ለመሆን ሰው የማያውቀኝ አገር መሄድ ነበረብኝ። ዕቁብ ደርሶኝ ነበር፤ ኢስታንቡል የምትመላለስ አንዲት ነጋዴ ደንበኛዬም ቪዛውን አስጨረሰችልኝ።

ኑሩ ቀልዱ እውነት ሲሆንበት ደነገጠ፤ መሐላ ግን መሐላ ነው። «በየማታው እደውልልሻለሁ» አለ። «አንዴ ከፋኝ ካልሽ አለቀ፤ ቤቱ ይከራያል። እስክትመለሺ እኔ እዚህ እያደርኩ ቤቱን እጠብቃለሁ።»

ተስማማን።

ቅዳሜ

ብቻዋን ልትሆን የምትሄደውን ሴት ለመሸኘት በሁለት መኪና ቦሌ ወረድን። አጎታችን ዱዓ አደረጉ፣ ዘይነብ አለቀሰች፣ ልጆቹ ጃኬት ይዘሽልን ነይ አሉ። ሻንጣዬ ውስጥ ዳቦ ቆሎና በሶ ታጭቆበታል፤ ቱርክ አገር ምግብ የሌለ ይመስል። ኑሩ የመጨረሻዋ በር ላይ ቆሞ «አሁንም ቢሆን መቅረት ትችያለሽ» አለኝ። እኔም ዞር ሳልል ገባሁ፤ ዞር ብል እንደምቀር አውቀዋለሁ።

ብቻውን የሚሄድ ሰው የመጀመሪያው ችግር ሽንት ቤት መሆኑን ማንም አልነገረኝም። «እስቲ ዕቃዬን እዪልኝ» የሚባል ሰው የለም። የእጅ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ገባሁና ሻንጣው ገባ፣ እኔ ውጭ ቀረሁ። አውጥቼ እኔ ስገባ ደግሞ በሩ አልዘጋ አለ። ወንድሜ አውቆ ነው ለካ አልኩ።

ኢስታንቡል ስንደርስ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ከኋላዬ ሰው ፈለገ። ከዚያ አንድ ጣቱን አነሣ፤ ብቻሽን ነሽ ወይ ማለቱ ነው። እኔም አንድ ጣቴን አነሣሁ። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ያቺን ጣት አነሣብኝ፤ ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱ፣ ጀልባው። አንዳንዱ ያዝንልኛል፣ አንዳንዱ ይጠረጥረኛል።

ደግሞ አንድ ነገር ልናገር። እኔ ቱርኮችን የማውቃቸው በቴሌቪዥን ነው፤ አማርኛቸው ከእኔ የተሻለ ነው። ሲካካዱም፣ ሲፋቀሩም፣ አማታቸውን ሲሰድቡም በጥሩ አማርኛ ነው። እነዚያን ሰዎች አገራቸው ድረስ ሄጄ አንዳቸውም አማርኛ አለመናገራቸው፣ መቼም አውቀው እንዳልሆነ ባውቅም፣ ቅር አሰኘኝ።

ሆቴሌ አክሳራይ የሚባል ሰፈር ነው። እንግዳ ተቀባዩ ወጣት ኤምሬ ይባላል፤ እንግሊዝኛው እንደኔው የገበያ ነው፣ ስለዚህ ተግባባን። ቁልፍ ብሎ አንዲት ካርድ ሰጠኝ። በሩን በካርዷ ከፈትኩ፣ ገባሁ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ፤ የለም። ሌላውን ተጫንኩ፤ የለም። «መብራት ሄዷል» አልኩ። በመስኮት ሳይ መንገዱ ሁሉ ያበራል፤ ኮሪደሩም ያበራል። እሱም አላስገረመኝም፤ የእኛ ፌዝ ነው የሄደው ማለት ነው። የካ ስንት ጊዜ እትዬ አበበች ጋ እየበራ እኛ በሻማ እንቀመጥ የለ? በስልኬ ባትሪ ፊቴን ታጠብኩ፣ ዳቦ ቆሎዬን ቆረጠምኩ፣ ብርዱ ስለበረታ ካፖርቴን እንደለበስኩ ብርድ ልብስ ውስጥ ገባሁ። ኡሚ መብራት ሲሄድ የምትለውን ያህል እንኳ አላማረርኩም።

ኑሩ ደወለ። «ደረስሽ? ከፋሽ?»

«ኧረ ምን ሲደረግ! ግሩም ሆቴል ነው» አልኩት፣ በጨለማ ውስጥ ተቀምጬ።

እሁድ

ጠዋት ኤምሬን ሳገኘው ላጽናናው ብዬ «አይዞህ፣ እኛም አገር ይሄዳል» አልኩት። ምን እንደሚሄድ አልገባውም። ክፍሌ ድረስ ይዤው ወጣሁና ማብሪያውን ቀጭ ቀጭ አደረግሁለት። ካርዷን ከእጄ ወሰደና ግድግዳው ላይ ያለች ቀዳዳ ውስጥ ሰካት። አቤት! መብራቱ በራ፣ ቴሌቪዥኑ ጮኸ፣ ማሞቂያው ተንተከተከ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ንፋስ ነፈሰ። ኤምሬ ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን ሊይዝ ሞከረና አልቻለም። እኔም አልቻልኩም። እንዲህ ያለ የስቃይ ሌሊት ማሳለፌን ለወንድሜ እንደማልነግር ግን ወሰንኩ።

ቁርስ ላይ አራት ወንበር ያለው ጠረጴዛ ሰጡኝ። ሦስቱ ባዶ ወንበሮች ፊት ለፊቴ ተገትረው ያዩኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ማዕድ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ አላውቅም፤ ሱቅ እንኳ ምሳዬን ስከፍት ግራ ቀኝ ያሉት ሴቶች እጃቸውን ታጥበው ይመጣሉ። ቶሎ ቶሎ ጎርሼ፣ የሰው ቤት የገባሁ ያህል ተሸማቅቄ ወጣሁ።

ቀኑን ግን ልዋሽ አልችልም፤ ደስ አለኝ። በዚያ ትልቅ ከተማ ማንም «ፋጤ፣ ወዴት ነው?» አላለኝም። ከሾላ እስከ ቤቴ ስወጣ ለስንቱ ሰላምታ መልስ እሰጣለሁ! እዚህ አፌን ዘግቼ ዋልኩ። ዳገታቸውም ብዙ ነው፤ ቱሪስቱ ሁሉ ወገቡን ይዞ ያለከልካል፣ እኔ ሽው ብዬ አልፈዋለሁ። እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ከእንጦጦ ሲወርዱ መንገድ እየለቀቀ ላደገ ሰው ይህ ሜዳ ነው። ምሳዬን ባቅላቫ በላሁ። ባቅላቫ ብቻ። «እህል ብዪ እንጂ» የሚል ሰው አልነበረም።

ፎቶ ላይ ግን ተሸነፍኩ። አንድ ሰውዬ አንሣኝ ብዬ ስልኬን ሰጠሁት፤ ትልቁን መስጊድ ከነሚናራው አሳምሮ አነሣልኝ፣ ከእኔ ግን ያለው ግንባሬ ብቻ ነው። ለቤተሰቡ ላክሁት። ዘይነብ «የማን ግንባር ነው?» ብላ ጻፈች።

ማታ ኑሩ ደወለ፤ ከፋሽ ወይ አለ፣ አልከፋኝም አልኩ። ከዚያ መዝጋት ሲገባው አልዘጋም። «ጨው የት ነው የምታስቀምጪው?» አለኝ። ነገርኩት። «ጣሪያው ላይ የሚንኳኳው ምንድነው?» አለኝ። የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው፣ ንፋስ ሲሆን ይወድቃል፤ እዚያው ቤት ተወልዶ አድጎ ይህን መጠየቁ ገረመኝ። ኮንዶሚኒየም አስረሳው አልኩ።

ሰኞ

ለዕረፍት የሄደ ሰው ከሥራው ይሸሻል። እኔ ቀጥ ብዬ ቅመም ገበያ ገባሁ። ጣሪያ ያለው፣ መብራቱ የሚያንጸባርቅ ገበያ ነው፤ በርበሬው፣ እርዱ፣ ከሙኑ ተራራ ተራራ ሆኖ ተከምሯል። ሾላ እኛ በጆንያ አፍ ላይ ነው የምናሳየው። ሻጮቹ በየቋንቋው ይጣራሉ። አንዱ ጺማም ሰውዬ ቅመሺ ብሎ ቆንጥሮ ሰጠኝ፤ እኔም እንደለመድኩት መዳፌ ላይ አሸሁት፣ አሸተትኩት፣ ትንሽ ምላሴ ላይ አደረግሁ። አየኝና ሳቀ። ጣቱን ወደ እኔ፣ ከዚያ ወደ በርበሬው፣ ከዚያ ወደ ራሱ ቀሰረ፤ አንቺም ነጋዴ ነሽ ማለቱ ነው። ሻይ አስመጣልኝ። ሚዛኑ ላይ ድመት ተኝታለች፤ ደንበኛ ሲመጣ በሁለት እጁ አንሥቶ ወንበር ላይ ያስቀምጣታል፣ ደንበኛው ሲሄድ ተመልሳ ትወጣለች። ሾላ ይህን ብናደርግ ጉዳችን ይፈላ ነበር።

እዚያ ስቆም ስቆም ቀኑ መሸ። ሁለት ሴቶች ዋጋ ጠየቁኝ፤ ሻጭ መስያቸው። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ብቻዬን መሆኔን ረሳሁት። የኑሩ ስልክም አጭር ሆነች፤ ከጀርባው የልጆች ጩኸት ይሰማል። «ልጆቹ ሊጠይቁኝ መጥተው ነው» አለ። በሥራ ቀን፣ ከጀሞ የካ፣ በማታ። 

ማክሰኞ

ማክሰኞ ከፋኝ። ምክንያቱን ስነግራችሁ ሳቁ፤ እኔም አሁን እስቃለሁ።

ትራም ውስጥ ነበርኩ፣ ሰው ሞልቷል፣ ቆሜ ብረቱን ይዣለሁ። አስነጠሰኝ። ኃይለኛ ነው፣ የእኔ ማስነጠስ ከአጥር በላይ ይሰማል። ካስነጠስኩ በኋላ ትንሽ ጠበቅሁ። ማንም ምንም አላለም። አንዷ ሴትዮ ብቻ ፊቷን ወደ መስኮት አዞረች። ደግሜ አስነጠስኩ። ምንም።

የካ እኮ ጓዳ ውስጥ ባስነጥስ እትዬ አበበች መስቀላቸውን አንጠልጥለው «ይማርሽ!» ይላሉ ከወዲያ ማዶ። ሾላ ባስነጥስ ሚኒባስ የሚጠብቀው ሁሉ «ይማርሽ!» ይላል፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፤ ወያላው እንኳ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ይማርሽ፣ ሜክሲኮ!» ብሎኝ ያውቃል። ኡሚ ደግሞ የምትጨምረው ነበራት፤ «ይማርሽ፣ ያሳድግሽ» ትላለች፣ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላም። ያሳድግሽ የሚለኝ ሰው ከዚህ በኋላ እንደሌለ ያን ጊዜ፣ እዚያ ትራም ውስጥ ገባኝ። ለቅሶው ላይ ሁሉም ሰው ሲያጽናናኝ እንዲህ አልገባኝም ነበር። አለቀስኩ። መሐረብ የሰጠኝ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ ግን ዕንባዬ ጋርዶኝ አላየሁትም።

ማታ ኑሩ ሲደውል ድምፄን አስተካከልኩ። «ጉንፋን ያዘኝ» አልኩት።

«ከፋሽ?»

«ጉንፋን ነው አልኩህ እኮ!»

 እሱም «በይ፣ ዝንጅብል በማር ጠጪ» አለኝና ዘጋው። ሲዘጋ የእሱም ድምፅ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር።

ረቡዕ

ጀልባ ተሳፍሬ ከወዲያ ማዶ ኡስኩዳር ተሻገርኩ። ለማትሄዱት ልንገራችሁ፤ ጀልባ ማለት የእነሱ ሚኒባስ ነው፣ ልዩነቱ ወያላ የለውም፣ እግራችሁንም ማንም አይረግጥም። ማዶ ስደርስ ርቦኛል። ከወደቡ ጀርባ ጠባብ ምግብ ቤት ገባሁ፣ ሰው የሚበላውን በጣቴ አሳየሁ፣ ሥጋ የገባበት ቦሎቄ ወጥ በሩዝ መጣልኝ፤ በትልቅ ሳህን፣ ከዳቦ ጋር።

አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንዲት አረጋዊት ሻይ ብቻ ይዘው ተቀምጠዋል። ዓይናችን ተጋጨ። እንግዲህ ዓይን ከተጋጨ፣ ፊትሽ ምግብ ካለ፣ ምን ይባላል? ሳህኔን በእጄ እያሳየሁ ፈገግ ብዬ «እንብላ» አልኩ። በአማርኛ። አፌ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም።

አገራችን ሥርዓቱ ይታወቃል። እንብላ ትላለህ፤ እሱ ደግሞ በረሃብ እየሞተም ቢሆን «ብሉ፣ አሁን ነው የበላሁት» ይላል። ትደግመዋለህ፣ ይምላል፤ አንተ ትበላለህ፣ እሱ ይሄዳል። ማንም አይጎዳም። ሴትዮዋ ግን ግራ ቀኝ አዩ፣ ለእሳቸው መሆኑን አረጋገጡ፣ ቦርሳቸውን አነሡ፣ ወንበራቸውን ጎተቱ፣ መጥተው ፊት ለፊቴ ቁጭ አሉ። ማንኪያ ጠየቁ። በሉ።

ክው አልኩ። እንብላ ሲባል ይበላል እንዴ? አስተናጋጁ እንኳ ማንኪያውን ሲያመጣ እኔን ያየኛል። እሳቸው ምንም አልመሰላቸውም፤ ከእኔ ወገን ያለውን ሥጋ ሁሉ ሳይቀር እየመረጡ ይበላሉ። ሁለተኛ ሳህን አዘዝኩ። ካልቀረ አይቀር ብዬ ዳቦውን ቆርሼ፣ ወጥ አስነክቼ፣ አጎረስኳቸው። አፋቸውን ከፈቱ፣ ጎረሱ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቁ። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛም አጎረስኳቸው። ምግብ ቤቱ በሙሉ ዞሮ ያየናል።

ከዚያ ስልካቸውን አወጡ። በቱርክኛ ይናገሩበታል፣ ስልኩ አማርኛ ይጽፋል፤ አማርኛው የተሰባበረ ነው፣ ግን ይገባል። ወይዘሮ ኔርሚን ይባላሉ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ አንድ ልጅ አላቸው፣ ጀርመን ነው። «ብቻህን ነህ?» ብሎ ጻፈ ስልኩ፤ ወንድ አድርጎኝ። አንድ ጣቴን አነሣሁ። እሳቸውም አንድ ጣታቸውን አነሡ። ነገ ቤቴ ትመጣለህ አለ ስልኩ። ትዕዛዝ ነው እንጂ ግብዣ አይመስልም ነበር።

ማታ ለኑሩ «ጓደኛ አገኘሁ» አልኩት።

«ይሄ ውሉን አያፈርስም?» አለ።

«ውሉ ከፋኝ ካልሽ ነው እንጂ ሰው ካገኘሽ አላልክም።»

አሰበ አሰበና «እሺ፣ ልክ ነሽ» አለ። ኑሩ ልክ ነሽ ሲለኝ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ልጆቹ አሁንም ከጀርባው ይሰማሉ፤ ዘይነብም «ውሃው ሄዷል!» እያለች ትጮኻለች። ሊጠይቁት የመጡት ሰዎች እንዳልሄዱ ገባኝ። ግን እኔም የምደብቀው ስለነበረኝ አልጠየቅሁም።

ሐሙስ

የወይዘሮ ኔርሚን ቤት ዳገት ላይ ነው፤ የእኛን ዳገት ያስንቃል። እሳቸው በየሰው ደጃፍ ቆም እያሉ፣ ዳገቱን እየተሳደቡ ይወጡታል። ሊፍት የሌለው ፎቅ ነው፣ የመጨረሻው። ገና ከመግባቴ ሻርፔን ፈትተው እንደገና አሰሩልኝ፤ እኔ ያሰርኩበት መንገድ አላማራቸውም። ከዚያ የአተር ቅጠል የመሰለ ነገር አምጥተው አስለቀሙኝ፣ መስኮት አስወለወሉኝ፣ የኩሽናውን አምፖል አስቀየሩኝ። እንግድነቴ ግማሽ ቀን እንኳ አልቆየም። ወድጄው ነበር።

እኔ ቤቱን እያየሁ ነው። እንዲህ ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤት ገብቼ አላውቅም። ሬዲዮኑ ኩሽና ውስጥ ቀኑን ሙሉ ያወራል፤ ማንም አይሰማውም። የመኝታው ክፍል አንደኛው ወገን ላይ ልብስ ተቆልሏል። ፍሪጁ ውስጥ ትንንሽ ድስቶች። ቆንጆ ቤት ነው፣ ንጹሕ ነው፣ የእሳቸው ነው። ደግሞም ጸጥ ይላል። ሬዲዮኑ ለማስታወቂያ ትንፋሽ ሲወስድ ጸጥታው ይሰማል። ፈራሁ። ይሄን ነው እንዴ የፈለግሁት አልኩ።

ስለቤቴ፣ ስለ ኡሚ፣ ስለ ኑሩ መሐላ፣ ሁሉን ለስልኩ ነገርኩት። ምን ብሎ እንዳስተላለፈው አላውቅም፤ ግን ወይዘሮ ኔርሚን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይከፋሃል» አለ ስልኩ። «እኔ አንዳንድ ቀን ይከፋኛል። ሻይ አፈላለሁ። በቀን አንድ ጊዜ ከሰዎች መካከል ሄጄ እቀመጣለሁ። ትናንት የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። አንተ ጠራኸኝ።»

«ከልጅዎ ጋር ለምን አይሄዱም?» ብዬ ጠየቅሁ።

ወይዘሮ ኔርሚን መልሳቸውን ለስልኩ አልተናገሩም። ጥያቄው በቱርክኛ እንደወጣ በእጃቸው ቤቱን በሙሉ ዞሩበት፤ ግድግዳውን፣ መስኮቱን፣ ሬዲዮኑን። ከዚያ ደረታቸውን መቱ። ለዚህ ትርጉም አላስፈለገኝም።

ያን ማታ ሆቴሌ ትንሽ አለቀስኩ። ከማክሰኞው ቀለል ያለ ነው። ተነሥቼ ኤምሬን ሻይ ጠየቅሁት፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ።

ዓርብ

ብቻዬን ልሆን አስቤ ነበር፤ ጠዋት ስወርድ ወይዘሮ ኔርሚን ኤምሬ ፊት ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። ባሕሩን ተሻግረው መጥተዋል። ጁምዓ አብረን ሰገድን። የሴቶቹ ቦታ ጠባብ ነው፤ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀን ቆምን፣ ከግራዬ የማላውቃት ሴት፣ ከቀኜ እሳቸው። ከሰላት በኋላ ሁለት ጊዜ ጀልባ ተሳፈርን፣ ዝም ብለን፣ ለወፎቹ ዳቦ እየወረወርን። ብቻ ለመሆን የመጣሁት እኔ፣ ብቻቸውን የሚኖሩት እሳቸው፤ ሁለታችንም አልሆነልንም።

ስንለያይ አንድ ማሰሮ ኮምጣጤ ውስጥ ያደረ ቃሪያ ሰጡኝ፤ እኔ ደግሞ ከበሶው የተረፈውን ሰጠኋቸው። በስልኩ አስረድቻቸዋለሁ፣ ግን በዱቄቱ ኬክ እንደሚጋግሩበት ከዓይናቸው ያስታውቃል። አቅፈውኝ ብዙ ተናገሩ። ስልኩን አላወጡም፣ እኔም አውጡ አላልኩም።

ቅዳሜ

አውሮፕላን ውስጥ የምለውን ተለማመድኩ። «በፍጹም አልከፋኝም፤ ቤቱ የእኔ ነው።» አጭር ነው፣ ይበቃል።

ቦሌ በሁለት መኪና ቆመው ጠበቁኝ። ተሳሳምን። ኑሩ ከስቷል። ሻንጣዬን ተቀበለኝና ገና መኪናው ሳይነሣ «እህሳ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ከፋሽ?» አለ።

የተለማመድኩት ከአፌ አልወጣ አለ። «ከፋኝ» አልኩት። «ማክሰኞ ትራም ውስጥ አለቀስኩ። ሐሙስም ትንሽ አለቀስኩ። ቤቱን ግን አልለቅም ኑሩ። ወላሂህን ትተኸው ሽማግሌ ሰብስብ፣ የፈለግከውን አድርግ፤ ከፍቶኝም እኖርበታለሁ።»

ኑሩ መኪናውን አስነሣ። ሳቋን መያዝ ያቃታት ዘይነብ ናት። «ማን ማንን ይጠይቃል!» አለች። «ወንድምሽ እኮ ሰኞ ጠዋት ነው ልጆቹንም እኔንም ጓዛችንን አስጠቅልሎ የካ ያስገባን! ከየካ ጀሞ ትምህርት ቤት ድረስ እያመላለስን ጨረስነው ሳምንቱን።»

«አባዬ ፈርቶ ነው» አለች ትንሿ ከኋላ።

ቤት ስገባ ሳሎኑ ከዳር እስከ ዳር ፍራሽ ነው። ብቻዬን ልኖርበት አገር ያቋረጥኩለት ቤት ውስጥ እግር ማሳረፊያ የለም። እትዬ አበበች በአጥሩ በላይ «እሰይ፣ መጣሽልን! ወንድምሽን እኮ እኛው ነን ያስተዳደርነው!» አሉኝ። ኑሩ አፈረ። ሁሉም ሲስቅ ከቤት ወጣ፤ ተከትዬው ወጣሁ። ከበሩ በላይ ካለው ዛፍ ሥር ቆሟል።

«አልፈራሁም» አለኝ።

«እሺ።»

«አልፈራሁም ፋጤ። ቅዳሜ ማታ ኡሚ ክፍል ገባሁ፤ ብርድ ልብስ ልፈልግ ነው የገባሁት። ለቅሶው ጊዜ ድንኳኑን የተከልኩት እኔ፣ ወንበሩን የተዋስኩት እኔ፣ ሰው የተቀበልኩት፣ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ሰው በዝቶ አላለቀስኩም ነበር። አንድም ቀን አላለቀስኩም። ቅዳሜ አለቀስኩ፣ እሁድም አለቀስኩ፤ ከዚያ አልቻልኩም፣ እነሱን ጠራኋቸው።»

ወንድሜን ልበ ደረቅ ነው ብዬ ነበር። የእናቱ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ኪራይ ያሰበ ብዬ አምቼዋለሁ፣ ሾላ ለሚሰማኝ ሁሉ። ለካ ቤቱ ይከራይ ያለው በሩን ከፍቶ ገብቶ እሷን ማጣት ስላልቻለ ነው። አቀፍኩት። ከልጅነታችን ወዲህ እንዲህ ተቃቅፈን አናውቅም፤ ሁለታችንም አለቀስን፣ ድምፅ አውጥተን፣ እትዬ አበበች በአጥሩ እያዩን፣ እሳቸውም እያለቀሱ።

ከዚያ ኑሩ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ጉሮሮውን ጠራረገ፣ ደረቱን ነፋ፣ ታላቅ ወንድም ሆነ።

«ስሚ» አለኝ ቆጣ ብሎ፣ «ይሄን ቤት እንዳታከራዪው!»

«እሺ» አልኩት፣ «አላከራየውም።»